ሌባው ብርጭቆ

አጣቢዋ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ቤቷ በጋዝ ታፍኖ ጠበቃት። ሽታው የተቀበላት ደረጃው ላይ ነው፤ በሩን እስክትከፍት እንኳ አልታገሣትም። ገብታ ብታይ ባሏ ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው አጠገብ ተደላድሎ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል፣ ከሥሩ ግን እሳት የለም። ውሃው ገንፍሎ አጥፍቶታል፣ ጋዙ እስስ እያለ ይወጣል። ሰውዬው የእሳቱን መጥፋት ገና አሁን እንዳየ ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጋዜጣውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ክብሪት ሊጭር እጁን አነሳ። ዳቦው ከእጇ ወደቀ። በስልሳ አራት ዓመትሽ ትዘያለሽ ቢሏት ኖሮ ትስቅ ነበር፤ ዘለለች። እጁን በጥፊ አጮለችው፣ የክብሪት እንጨቱ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ጋዙን ጠርቅማ ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደች።

"አብደሻል እንዴ አንቺ ሴት?" አለ ባሏ እጁን እያሻሸ።

"አይሸትህም?"

"ምኑ?"

ከታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና ሞተሩን እያስጓራ አለፈ። ሰውዬው የተከፈተውን መስኮት አየ፣ የምድጃውን ቁልፍ አየ፣ መሬት ላይ የተበተነውን ክብሪት አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንጨቶቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎንበስ ማለት አይወድም፣ ወገቡን ያመዋል። አሁን ግን ፊቱን የሚደብቅበት ሌላ ቦታ አጥቶ ነው።

ይህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት በትልቁ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ቢራ እየቀመሰ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፣ ቀማሹ ነው የሚለው። ብርጭቆ አፍንጫው ሥር ያዝ አድርጎ፣ "ይሄ ማክሰኞ የተጠመቀው ነው፣ ጋኑን በደንብ አላጠባችሁትም" ሲል መሐንዲሶቹ እንኳ ክርክር አያነሱም ነበር። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ልማድ አላቸው። ቀማሾቹ ሲቀመጡ ከደህናዎቹ ብርጭቆዎች መሃል ሳይነገራቸው አንድ የተበላሸ ይደባለቃል፤ ስሙ ሌባው ነው። ሌባውን ያልያዘ ቀማሽ የዚያን ዕለት ሌላውም ቃሉ አይታመንለትም። ቀማሹ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሌባ አምልጦት አያውቅም። ልጁ ትንሽ ሆና እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ስኒ ውሃ ደርድሮ፣ አንዱ ውስጥ የኮምጣጤ ጠብታ ጣል አድርጎ፣ "በይ ሌባውን ያዢ!" እያለ ያጫውታት ነበር። አባትና ልጅ ሲንጫጩ እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ትፈትጋለች። ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ብላ ጆሮ ሰጥታው አታውቅም።

እሷም ብትሆን ቀላል ሰው አይደለችም። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። ዓይኗን ጨፍና አንሶላውን ወደ አፍንጫዋ ካስጠጋች ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ትናገራለች፤ የወላድ ነው፣ የተቃጠለ ሰው ነው፣ ዘመድ የማይጠይቀው ሽማግሌ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፣ ደሞዝ ስትቀበል የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር፤ ግን ፊደል የቆጠሩት ነርሶች አንሶላ ሲደባለቅባቸው የሚጠሩት እሷን ነው። ቢራ አፏ ገብቶ አያውቅም። ሰው ከፍሎ ራሱን የሚያሳብድበት ውሃ ትለዋለች፣ ባሏ ያመጣው ደሞዝ ከዚያው ውሃ እንደሚቀዳ እያወቀች።

አሁን የወደቀውን ዳቦ አንስታ እያራገፈች ስምንት ወር ወደኋላ ሄደች። ያረረውን ሾርባ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ጠጥቷል። የተበላሸውን ወተት ጨልጦታል። እሷ ሳትኖር መጸዳጃ ቤቱ ሲዘጋ የነገረው ጎረቤት ነው። በፊት ሽንኩርት ትንሽ ቢያርባት የሚነጫነጨው ሰው ድንገት የቀረበለትን ሁሉ አመስግኖ የሚበላ ሆነ። እሷ ደግሞ ሽማግሌው በስተርጅና ጨዋ ሆነልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከዚያ ጉንፋን ወዲህ።"

"ምላስህስ?"

"ጨውና ስኳር ይለያል። ሌላው ሁሉ ውሃ ነው።" ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። "ይመለሳል ብዬ ነበር። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት። ዛሬን እንኳ።"

ዛሬን ያለው ያለምክንያት አይደለም። ልጃቸው ከዓመት በፊት ካንድ አነስተኛ ጠመቃ ቤት ተቀጥራለች። ክራፍት ቢራ የሚሉት ነው፤ እንደ ፋብሪካው በገፍ የሚጠመቅ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ እንዲኖረው ተደርጎ የሚጠመቅ። ባለቤቱን ባለጢሙ ይሉታል። ባለጢሙ አዳዲስ ቢራዎች አዘጋጅቶ የትኛውን ለሰው እንደሚያቀርብ መምረጥ አቅቶታል፤ ልጅቷ ደግሞ "ምርጫውን ለአባቴ ተወው" ብላዋለች። ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው ቀጠሮው። ምርጫው ካማረ ባለጢሙ ቀማሹን በሳምንት ሁለት ጠዋት ሊያሠራው ቃል ገብቷል። ይህን የሰማ ዕለት ሽማግሌው ጢሙን ሁለት ጊዜ ተላጨ። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በነዚህ ሁለት ዓመታት ሰው ምክር ጠይቆት አያውቅም።

ልጅቷ፣ "አባዬ ነጩን ጋዋኑን ለብሶ ይምጣ፣ ባለጢሙ ይየው" ብላም ነበር። ያ ጋዋን ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሳይታጠብ። የአገሩን አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት የገዛ ባሏን ጋዋን ሁለት ዓመት ሳታጥብ አስቀመጠች ቢባል ማን ያምናል? ምክንያቱን ለማንም አልነገረችም፤ ለራሷም ቢሆን ጮክ ብላ አልነገረችም። ጋዋኑ እሱን ይሸት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ማታ ማታ በሩን ሲከፍት ከሱ ቀድሞ የሚገባው ሽታ፣ የራሰ ካርቶን ዓይነት፣ የሰነበተ ዳቦ ዓይነት፣ እጅጌው ላይ የሚጠነክር። ሰውዬው ዳማ ሊጫወት ሲወርድላት ቁም ሳጥኑን ትከፍትና ፊቷን እዚያ ትቀብር ነበር፤ ከዚያ በሩን ዘግታ እንደ ሌባ ዞር ዞር ብላ አይታ ወደ ሥራዋ። ትናንት አጠበችው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተኩሳ አጣጥፋ ስታበቃ ፊቷን አስጠጋች፤ ሳሙና ብቻ። የገዛ እጇ ሥራ ነው፣ ማንን ትወቅሳለች?

ልጅቷ ቀትር ላይ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች መጣች። ገና ከበሩ ቆም ብላ አፍንጫዋን ቀሰረች።

"ጋዝ ጋዝ ይላል እኮ!"

"እሳቱ ጠፍቶብኝ ነው" አለች እናት ቶሎ ብላ።

"አንቺ እማዬ? ባንቺ ቤት?" ልጅቷ ሳቀች። "እርጅና መጣ በያ!"

"እርጅና አንቺን ይውሰድሽ። ቁጭ በይና ብዪ።"

አባት ከጋዜጣው ቀና አላለም። ገጹን ግን አልገለጠም። ልጅቷ እንቁላሏን በዳቦ እየጠቀለለች እየበላች ስለ ቢራዎቹ ማውራት ያዘች፤ ስታወራ እጇ አያርፍም፣ ይህን ከአባቷ ነው የወሰደችው። ሦስት ፔል ኤል ነው የጠመቁት አለች። እናት ደግሞ ፔል ኤል የሚባለው ምን ዓይነት ፍጡር ነው አለች። ይሄኔ የአባት ድምፅ ተሰማ፤ ብቅሉ ብዙ ሳይቆላ የሚጠመቅ፣ መልኩ የነጣ ወርቅ የሚመስል፣ ሆፕስ የሚባለው አረንጓዴ አበባ ሽታውንም ምሬቱንም የሚሰጠው ቢራ ነው፣ ጥሩ ሲሆን አበባው ይሸታል ምሬቱ ግን አያስለቅስም አላት። ሲናገር ወገቡ ቀና አለ።

"እሱን ነው እኮ የምንፈልገው አባዬ" አለች ልጅቷ። "ሰው ይገባል፣ ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ስም ያያል፣ ግራ ይገባዋል። አፍሮ 'የለመድኩትን ስጡኝ' ይላል። እኛ ደግሞ 'ይሄን ይሞክሩ' ብለን የምንሰጠው የመጀመሪያ ብርጭቆ ያስፈልገናል። የማያስደነግጥ። መጥቶ የማያውቅ ሰው ጠጥቶት ነገ ደግሞ የሚመጣበት።"

"እንደ አማት ፈገግታ በያ" አለች እናት። "የመጀመሪያው ቀን ጣፋጭ።"

ልጅቷ እየሳቀች ተነሳች። ከበሩ ተመለሰችና አባቷን ግንባሩን ሳመችው። "አንድ ነገር አዘጋጅቼልሃለሁ። ስታየው ደስ ይልሃል።" ምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ደረጃው ላይ እርምጃዋ ብቻ እየራቀ ሄደ። ሽማግሌውና አሮጊቷ ያዘጋጀችው ጠመቃ ቤቱ ውስጥ ለሱ የሚሆን ወንበር ነው ብለው አሰቡ፤ ስለ ወንበሩ ባለፈው ነግራቸው ነበርና።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋዋኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጉልበቷ ላይ ነው። ሦስት ፌርማታ ሄዱ።

"እኔ አሸትልሃለሁ" አለች ድንገት።

"ምን አልሽ?"

"ከጎንህ እቀመጣለሁ። ቀድሜ አሸታለሁ። ደህናውን ስታነሳ እግርህን ረገጥ አደርጋለሁ።"

"አንቺ ስለ ቢራ ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ቢራ አላውቅም። ስለ ሽታ ግን ካንተም ከፋብሪካህም አላንስም።"

ቀማሹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮው ቀልቷል። "ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ስም" አለ ለመስታወቱ፣ "በሚስቴ ጫማ ልጨርሰው?"

"እንግዲያው ንገራት። አፍንጫዬ ሞቷል በላት፣ እንመለስ።"

ስድስት ፌርማታ ሙሉ በመስኮቱ የሚያልፈውን መንገድ አየ። ወርደው መንገድ ተሻግረው የጠመቃ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጋዋኑን ተቀብሏት ለበሰ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ እጅጌውን አስተካከለ። ከዚያ ፊቷን ሳያይ፣ "ግራ እግሬን" አላት። "ቀኙ ሪህ አለበት።"

ቤቱ ቀድሞ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ነበር። ወለሉን ቢያሹትም የሞተር ዘይቱ ሽታ ከሳሙናው ሥር ገና አልወጣም፤ አጣቢዋ ገና ስትገባ ነው የያዘችው፣ ኮምጣጤ ቢጨምሩበት ይለቅ ነበር አለች በልቧ። ከወዲያ በኩል የብረት ጋኖች ተደርድረዋል፣ እንደ ሆስፒታሉ የማምከኛ ማሽን የሚያብለጨልጩ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ በነጭ ጠመኔ ስም ከነዋጋው ተጽፎበታል። የአንዱን ብርጭቆ ዋጋ ባሏ በሹክሹክታ አነበበላት። በዚያ ዋጋ እሷ ቤት ሦስት ቀን ዳቦ ይበላል፤ ወጣቶቹ ግን ኮምፒውተራቸውን ከፍተው እንደ ውሃ ይጠጡታል። በመስኮቱ ሥር አንድ ከፍ ያለ የእንጨት ወንበር ቆሟል፣ አዲስ ትራስ ተደርጎበታል። ሌሎቹ ወንበሮች ትራስ የላቸውም። የማን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት።

ባለጢሙ ሽርጡን እየፈታ መጣ። አርባ ያልሞላው፣ ትልቅ ሰው ማክበር የሚያውቅ ልጅ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ አባታችን። እማማ እርስዎም። ልጅዎ ስለ እርስዎ ስታወራ ሥራ አታሠራንም።"

"እሷ ወሬ ታበዛለች" አለ ቀማሹ፣ ግን ደስ ብሎታል።

ልጅቷ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሦስት ብርጭቆ ይዛ መጣች። ብርጭቆዎቹ ላይ በጠመኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ ተደርጎባቸዋል፤ ነጥብ ስለሆነ አጣቢዋም ማንበብ አላቃታትም። ሦስቱም መልካቸው ያው የነጣ ወርቅ ነው፣ አረፋቸው ያው ነው። ልጅቷ ስታስቀምጣቸው ዓይኗ ይስቅ ነበር።

"እስቲ መጀመሪያ እኔ ላሽትተው" አለች አጣቢዋ፣ የማታውቀውን ነገር እንደምትጎረጉር አሮጊት ሆና። "ዕድሜ ልኬን እንዲህ ቀርቤው አላውቅም።"

"ይቅመሱት እንጂ እማማ!" ባለጢሙ ሳቀ።

"አልቀምስም። ማሽተቱ ይበቃኛል።"

አንደኛውን አነሳች። ብርቱካን ስትልጥ ጣቷ ላይ የሚቀረው ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ጠዋት የታጨደ ሣር፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ለስላሳ ነገር፣ ልጇን በሕፃንነቷ ካጠበቻት በኋላ ራሷን ስታሸት የነበረው ዓይነት። ሁለተኛው የጥድ ሙጫ ነው፣ ኃይለኛ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር የሚወለወልበትን መድኃኒት አስታወሳት፣ አስነጠሳት። አንደኛው ይሻላል፣ አለቀ፣ አለች በልቧ። ይህን ለመለየት ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ያስፈልጋል?

ከዚያ ሦስተኛውን አነሳች።

የራሰ ካርቶን። የሰነበተ ዳቦ። ማታ፣ በር፣ የቁልፍ ድምፅ፣ "አለሽ እንዴ?" የሚል ድምፅ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣች ወደ በሩ ስትሮጥ። እሱ ወጣት ሆኖ፣ ፀጉሩ ጥቁር ሆኖ፣ ያንን እጅጌ አንገቷ ላይ ሲጠመጥም። ትናንት ባልዲ ውስጥ በገዛ እጇ አሽታ አሽታ የገደለችው ሽታ ከዚህች ብርጭቆ ውስጥ ቀና ብሎ አያት። የመጣችበትን ነገር ረሳችው፤ የትኛው ለጀማሪ ይሆናል፣ የትኛው አያስደነግጥም የሚለው ሁሉ ጠፋባት። ብርጭቆውን ስትመልስ እጇ ከብርጭቆው ቶሎ አልላቀቅ አለ።

ቀማሹ አንደኛውን አነሳ። ብርጭቆውን አዙሮ ብርሃኑ ላይ አየ፣ አፍንጫውን ከተተ፣ ጎንጨት ብሎ አፉ ውስጥ አቆየ። እንዴት ያምርበታል! የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እግሯ አልተነሳም። ሁለተኛውን እንዲሁ። እግሯ አልተነሳም። ሦስተኛውን ከአፉ ሲያስጠጋ እግሯ እሷን ሳይጠይቅ ተነስቶ ግራ እግሩን ረገጠው፤ በኃይል ረገጠው፣ ጥርሱን ነከሰ።

ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ።

"ይሄ ነው" አለ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነው። "ለጀማሪ ይሄን ስጡ። ንጹሕ ነው። መጀመሪያ የትኩስ ዳቦ ቅርፊት ይመጣል። ቀጥሎ ትንሽ ማር። መጨረሻ ላይ ምሬቱ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ከበር ላይ ሰላም ብሎ ይሄዳል፣ ቤት ገብቶ አያስቸግርም። ይሄን የጠጣ ሰው ነገም ይመጣል።"

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ወጣቶች ዞረው አዩት። አንዷ ልጅ ፈገግ አለች። ቀማሹ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚህ ረጅም ሆኖ ተቀምጦ አያውቅም።

የልጅቷ ዓይን ግን መሳቁን አቆመ። እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ ጨበጠችው። ባለጢሙ ጢሙን ዳበስ አድርጎ እሷን አያት፣ እሷ መሬቱን አየች። ከጋኖቹ በኩል የውሃ ጠብታ ድምፅ ይሰማል፤ አጣቢዋ አሥራ አንድ ጠብታ ቆጠረች።

"የኔ ስህተት ነው" አለች ልጅቷ በመጨረሻ። "ነጥቦቹን አሳስቼ ነው ያደረግኩት። ሦስት ያልኩት አንድ ነው። ተለዋውጦብኛል።"

"እንዴት ነው የሚለዋወጥብሽ?" አለ ባለጢሙ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ንዴቱ አልተደበቀም። "የቀዳሽው አንቺ፣ ምልክት ያደረግሽው አንቺ። ቅዳሜ ትልቁን ጋን አምኜ ልሰጥሽ ነው፣ ሦስት ብርጭቆ ካቃተሽ?"

"ይቅርታ።"

"ይቅርታ ብቻ?"

ቀማሹ ሁለቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሦስተኛውን ብርጭቆ እንደገና አነሳና አፍንጫው ሥር ያዘው፤ አሁን ለሰው እይታ አይደለም፣ አምርሮ ነው የሳበው፣ እንደሚሰምጥ ሰው። ምንም አልመጣም።

"ልጄ" አለ። "ሌባ አስገብተሽ ነበር?"

ልጅቷ የጨበጠችውን ጨርቅ አጠፈችው።

"ጠየቅኩሽ እኮ።"

"የጠመቅነው ሁለት ነው አባዬ" አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። "ሦስተኛው ከቦይለሩ ጎን ሙቀት ሲመታው የከረመ ነው። ሌባ የሌለበት ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም ትል የለ? ደስ ይልሃል ብዬ... ገና ሳይነካው ይይዘዋል ብዬ ለእሱም ነግሬዋለሁ።"

አጣቢዋ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበች። ድስት እየፈተገች ጀርባዋን የሰጠችው ጨዋታ አሁን ነው ጆሮዋ ውስጥ የገባው። ቀማሹ ዞር ብሎ እሷን አላያትም። ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች፤ በዚያች ሰዓት ጣቱን ወደ እሷ ቢቀስር መብቱ ነበር፣ ዓይኑን እንኳ አላዞረም።

"ልጄ ብርጭቆ አታሳስትም" አለው ለባለጢሙ። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሌባው ያመለጠው እኔን ነው። አፍንጫዬ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ዳቦውም ማሩም ከድሮ የተረፈኝ ወሬ ነው።" የጋዋኑን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ መፍታት ያዘ። ሦስተኛው አስቸገረው፤ ትናንት እሷ አጥብቃ የሰፋችው ነው።

"ኧረ አባታችን፣ ምንም ችግር የለውም፣ ማንም ሰው ያጋጥመዋል" አለ ባለጢሙ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ። "ለስላሳ ላምጣልዎት? እማማ፣ ለስላሳ?" ቢሰድባቸው ይሻል ነበር።

አጣቢዋ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ እቃ ማጠቢያው ጋ ወሰደቻቸው፤ እጇ ሥራ ሲያጣ መቀመጥ አይችልም። ልጅቷ ተከትላት መጣችና አጠገቧ ቆመች። ቧንቧውን ከፈተችው፣ ውሃው ድምፃቸውን እንዲሸፍን።

"ጠዋት ጋዙን የረሳው እሱ ነው፣ አይደል?"

"እሱ ነው።"

"ስምንት ወር። እሁድ እሁድ እየመጣሁ አብሬያችሁ እየበላሁ። ቤቱ ቢፈነዳም አትነግሪኝም ነበር?"

እኔም ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው ማለት ትችል ነበር። ያን ብትል ግን የሚቀረው እሱ ብቻውን ነው፤ ሚስቱንም ልጁንም ስምንት ወር ያታለለ ሰው ሆኖ። ስለዚህ ያቺ ለማንም መልስ የማታጣ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ብርጭቆ አለቀለቀች። ልጅቷ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ቧንቧውን ዘግታ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ደንበኞቿ ሄደች። ሲወጡ ከሩቅ እጇን አነሳችላቸው። ትራስ ያለበት ወንበር ላይ አንድ ወጣት ቦርሳውን አስቀምጦበት ነበር።

ቤታቸው ሲደርሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። መብራት አላበሩም። እሱ የጠዋቱ ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ ጋዋኑ ተጣጥፎ ጉልበቱ ላይ። እሷ ድንች ትልጣለች።

"ለምን ሦስተኛውን?" አለ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ሙያ ነው የጠየቃት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ውሸት ልትፈልግ ሞከረች፣ አልመጣላትም።

"አንተን ሸተተኝ" አለች። "ከሥራ ስትመጣ የነበረው ሽታ ነው። እጅጌህ ላይ የነበረው። ትናንት ጋዋኑን አጠብኩትና ጠፋብኝ። እዚያ ውስጥ ሳገኘው... እግሬ አላስቻለውም።"

ቀማሹ ጋዋኑን አየ። ጉልበቱ ላይ በመዳፉ ዳበሰው።

"ያ የኔ ሽታ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "የተበላሸ ቢራ ሽታ ነው። ሱቅ የመለሰው፣ ሙቀት የመታው፣ የከረመው ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚመጣው። ከፍቼ አሽትቼ ባልዲ ውስጥ ስደፋ እጅጌዬ ላይ ይፈስ ነበር። እስከዛሬ ያሸተትሽው እኔን አይደለም። የያዝኳቸውን ሌቦች ነው።"

"ለኔ አንተ ነበርክ" አለች።

ከታች ሰው በር ዘጋ። እሱ ኪሱ ውስጥ እጁን ሰዶ የጠዋቱን ክብሪት አወጣና በጠረጴዛው ላይ ወደሷ ገፋ አደረገላት፤ ያንቺ ነው፣ ከእንግዲህ አልነካውም እንደማለት። እሷም አንስታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"አንደኛው ምን ይሸት ነበር?" ሲል ጠየቃት።

"ብርቱካን። ልጣጩን። የታጨደ ሣር።" አሰበች። "የልጅቷ ራስ፣ ትንሽ ሆና፣ ካጠብኳት በኋላ።"

ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማት። "ምሬቱስ?"

"አልቀመስኩትም።"

"እሱ ነበር ለጀማሪ" አለ። "እሱን ነበር የምመርጠው።" ቆይቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "እኔስ አሁን ምን እሸታለሁ?" አላት።

ከወንበሯ ተነስታ ጎንበስ አለች። አንገቱ ሥር አሸተተች፣ እጅጌውን ከፍ አድርጋ አሸተተች፣ ከጆሮው ኋላ ፀጉሩን አሸተተች፤ አንሶላ የተደባለቀባቸው ነርሶች እንደሚጠብቋት እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቃት። ደህና ነገር ብላ ልታስደስተው ትችል ነበር። ግን በእግሯ አንድ ጊዜ ዋሽታለታለች፣ ላንድ ቀን ይበቃል።

"ሳሙና" አለችው።

ከዚያ ድንቿን መላጥ ቀጠለች።